አገር በቀሉን ዘምባባ ለይቶ ማወቅ፣ መትከልና ማሳደግ፦ ዝርዝር መመሪያ

በከተሞቻችን የመንገድ አካፋዮች፣ በሆቴል ግቢዎችና በመኖሪያ ቤቶች አጥር ውስጥ ዘምባባ እየተባሉ የሚተከሉት ዛፎች ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። አገር በቀሉ ዘምባባ ሌላ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ የሚባለው ይህ ተክል ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ እንዲሁም በማዳጋስካርና በኮሞሮስ ደሴቶች በተፈጥሮ የሚበቅል ሲሆን፣ አሁን የሚታወቅበትን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ኒኮላውስ ያኩዊን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1801 ባወጣው መግለጫ ነው። በአገራችን በቆላና በወይና ደጋ፣ በተለይም በወንዝና በጅረት ዳርቻ፣ ውሃ በሚተኛበት መሬት፣ አንዳንዴም ድንጋያማ በሆነ ተዳፋት ላይ ይገኛል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ተክሉ አፈጣጠር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዘምባባ እንደ ጽድ ወይም እንደ ዋንዛ ቅርንጫፍ አያወጣም። እያንዳንዱ ግንድ የሚያድገው በአናቱ ላይ፣ በቅጠሎቹ መሐል ተሸሽጎ ከሚገኝ አንድ የዕድገት እምብርት ብቻ ነው፤ ያ እምብርት ከሞተ ግንዱ አብሮ ይሞታል። ከዚህም በላይ ግንዱ እንደ ሌሎች ዛፎች ከልጡ ሥር ሆኖ ዓመት በዓመት የሚያወፍረውና ቁስሉን የሚሸፍንለት ሕዋስ የለውም፤ ስለዚህ በምስማር የተበሳ ወይም በገጀራ የተፈለጠ ግንድ ጠባሳውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይዞት ይኖራል። ከዚህ በታች የሚነገረው የአተካከል፣ የአገራረዝና የጥበቃ ምክር አብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመነጭ ነው።

ተክሉን መለየት

መለየት የሚጀመረው ከቅጠሉ ነው። የዘምባባ ወገኖች ቅጠል በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው እንደ ላባ ከአንድ ረጅም አከርካሪ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቀጫጭን ንኡስ ቅጠሎች ያሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እንደ እጅ ማራገቢያ የሚዘረጋ ነው። አገር በቀሉ ዘምባባ ባለ ላባ ቅጠል ነው። ስለዚህ ማራገቢያ መሳይ ቅጠል ያለው ዛፍ ካጋጠመ፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የምንፈልገው ተክል አይደለም። በየከተማው በብዛት የሚታየው ዋሽንግቶኒያ ከዚህ ይመደባል፤ አገር በቀል ከሆኑትም መካከል በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በፍልውሃው አካባቢ በብዛት የሚታየውና ግንዱ ለሁለት ለሁለት እየተከፈለ የሚያድገው ዱም፣ እንዲሁም በምዕራብ ቆላዎቻችን የሚበቅለውና ወፍራም ነጠላ ግንዱ ወደ መሐሉ አበጥ የሚለው ቦራሰስ ቅጠላቸው ማራገቢያ መሳይ ነው።

ቅጠሉ ባለ ላባ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው ምርመራ እጅ ይፈልጋል። ከቅጠሉ መካከል አንዱን ንኡስ ቅጠል ይዘው ከአከርካሪው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ ይመልከቱ። የፊኒክስ ወገን ከሆነ ንኡስ ቅጠሉ በርዝመቱ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ዝናብ ቢዘንብበት ውሃ እንደሚይዝ አሸንዳ ሆኖ ይታያል። የኮኮናትና የሌሎች ባለ ላባ ዘምባቦች ንኡስ ቅጠል ግን እጥፋቱ ወደ ታች ስለሆነ ውሃው ወደ ጎን ይፈስሳል። ቀጥሎ ዓይንዎን ወደ ቅጠሉ ግርጌ፣ ማለትም ወደ ግንዱ ወደሚጠጋው ክፍል ያውርዱ። በዚያ ያሉት ንኡስ ቅጠሎች ቅጠልነታቸው ቀርቶ ጠንካራና ሹል እሾህ ሆነዋል፤ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እሾሁ እየረዘመና እየለሰለሰ መጥቶ መደበኛ ቅጠል ይሆናል። ወደ ላይ የታጠፈ ንኡስ ቅጠልና በግርጌው የሚገኝ እሾህ በአንድነት ከታዩ ተክሉ ከፊኒክስ ወገን ለመሆኑ ጥርጣሬ አያስፈልግም። ሳይካስ የሚባለው አጭር የግቢ ተክል ከሩቅ ሲታይ ዘምባባ ቢመስልም ከዘምባባ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቅጠሉ ጠንካራና አንጸባራቂ ነው፣ ፍሬም በዘለላ አያንጠለጥልም።

የፊኒክስ ወገን ወደ 14 የሚጠጉ ዝርያዎች ስላሉት ሥራው እዚህ ላይ አያበቃም። ግራ የሚያጋቡት በዋናነት ሦስት ናቸው። የካናሪ ዘምባባ ምንጊዜም ነጠላ ግንድ ሲሆን፣ ግንዱ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ያህል ይወፍራል፤ አናቱም ጥቅጥቅ ባለ እጅግ ብዙ ቅጠል የተሞላ ነው። የቴምር ዛፍ እንደ አገር በቀሉ ዘምባባ ከሥሩ ቡቃያ ቢያወጣም ቅጠሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሰማያዊ አረንጓዴና ድርቅ ያለ፣ ግንዱም ወፈር ያለ ነው። ሦስተኛው ፊኒክስ ሮቤሌኒ የተባለው ድንክ ዝርያ ሲሆን ቁመቱ ከ3 ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ ቅጠሉም ቀጭንና ልስልስ ነው። ይህን ድንክ ዝርያ ችግኝ አፍይዎች ሦስቱን በአንድ ማሰሮ አድርገው ስለሚሸጡት ከአንድ ሥር የወጣ ይመስላል፤ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ግንዶቹ በግርጌያቸው የተያያዙ መሆን አለመሆናቸውን ማየት ከስሕተት ያድናል።

አገር በቀሉ ዘምባባ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በአጠቃላይ ቁመናው ነው። ከአንድ ሥር ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ይነሣሉ፤ የውጭዎቹ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ስለሚያድጉ ጎልማሳው ተክል መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ሰፊ ዕጅብ ይሆናል። የእያንዳንዱ ግንድ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱም እስከ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቅጠሉ ከ2 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ወደ ታች ጎንበስ የሚል፣ ደማቅ አረንጓዴ ነው። አዲስ የተዘረጋ ንኡስ ቅጠል ገልብጠው ጀርባውን በፀሐይ ብርሃን ቢያዩ፣ በመሐል ጅማቱ ላይ እየተቆራረጠ የሚሄድ ነጭ ስስ ሽፋን ያገኛሉ፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል፣ ቅጠሉ ሲያረጅም ይጠፋል። ፍሬው ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ሲበስል ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ኋላም ወደ ቡናማ የሚለወጥ ሲሆን ሥጋው ስስ ነው። ይበላል፤ ሆኖም ቴምርን አስቦ የቀመሰው ሰው ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

ዘምባባ ወንዴና ሴቴ ተክሉ የተለያየ ነው። ወንዴው ክሬም መሳይ ቢጫ አበባ አብቦ ብናኙን ከሰጠ በኋላ ያረግፋል፤ ፍሬ የሚይዘው ሴቴው ብቻ ነው። አበባ ከመታየቱ በፊት ደግሞ ጾታውን በዓይን መለየት አይቻልም። ፍሬ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ አንድ ችግኝ ብቻ ተክሎ መጠበቅ የለበትም።

እዚህ ላይ ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት የመዳቀል ጉዳይ ነው። የፊኒክስ ዝርያዎች እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ ከካናሪ ዘምባባ ወይም ከቴምር አጠገብ ከቆመች ሴቴ የተለቀመ ዘር ቅጠሉ የአንዱን፣ ግንዱ የሌላውን የያዘ ድቅል ሊያበቅል ይችላል። ድቅሉ ለግቢ ውበት ችግር የለበትም። ነገር ግን በተፈጥሮ ዘምባባ በሚበቅልበት የወንዝ ዳር መትከል ንጹሑን ዘር ማበላሸት ስለሆነ፣ በእኔ እምነት ምንጩ ያልታወቀ ችግኝ እንዲህ ባለ ቦታ ፈጽሞ ሊተከል አይገባም። በተገላቢጦሹ ደግሞ ይህ ለእኛ አገር በቀል የሆነው ተክል በአሜሪካ ፍሎሪዳ ከግቢ አምልጦ በዱር የሚስፋፋ ወራሪ ተክል ተብሎ ተመዝግቧል።

ቦታ መምረጥ

ዘምባባ ሙሉ ፀሐይ ይወዳል፤ ከፊል ጥላንም ይችላል፣ በጥላ ሲያድግ ግን ቅጠሉ እየረዘመና እየሳሳ ይሄዳል። ብርዱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ጥቂት ዝቅ ቢል ቅጠሉ ይቃጠላል እንጂ ጎልማሳ ተክል ወዲያውኑ አይሞትም፤ ውርጭ በሚደጋገምበት ደጋ ግን መትከሉ ድካም ነው። በአፈር ረገድ አስቸጋሪ አይደለም። በመረሬ መሬት ላይ ለመትከል የሚያስብ ሰው አፈሩ በበጋ ሲሰነጠቅ ሥሩን እንደሚበጥስ፣ በክረምትም ውሃ አቁሮ አዲስ ተክል እንደሚያፍን አውቆ ቦታውን በሰፊው ከፍ አድርጎ መደልደል ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው የስፋት ጉዳይ ነው። በከረጢት ውስጥ ያለች ችግኝ ስትታይ አታስፈራም፤ ሙሉ ዕጅብ ሲሆን ግን ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል። የቅጠሉ ግርጌ እሾህ ደግሞ ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው፣ ጠንካራና በቀላሉ የሚበሳ ነው። ከተወጋ በኋላ ስባሪው በመገጣጠሚያ ውስጥ ቢቀር ለረጅም ጊዜ የሚቆይ እብጠትና ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ከእግረኛ መንገድ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ሜዳና ከመኪና ማቆሚያ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ይኖርበታል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ባለበትም አይተከል። ጠባብ ግቢ ያለው ሰው የግድ ዘምባባ ካማረው፣ ከታች እንደሚነገረው የጎን ቡቃያውን እየቀነሰ በሁለት ወይም በሦስት ግንድ ሊይዘው ይችላል።

ከዘር ማብቀል

የተሻለው መንገድ ዘር ነው። ዘሩ ከቴምርና ከካናሪ ዘምባባ ርቀው በተፈጥሮ ከበቀሉ ሴቴ ተክሎች፣ ከተቻለም ከአንድ በላይ ከሆኑ እናቶች፣ ፍሬው በሚገባ ቀልቶና ለስልሶ ሲረግፍ ይለቀማል። ፍሬውን አንድ ወይም ሁለት ቀን በውሃ ነክሮ፣ በሻካራ ጨርቅ ወይም በወንፊት ላይ እያሹ ሥጋውን ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሥጋው ከቀረ ይሻግታል፣ ጉንዳንና ፈንገስም ይስባል። የጸዳው ዘር በአንድ ወገኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥልቅ ቦይ ይታይበታል፤ በተቃራኒው ወገን መሐል ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ክብ ምልክት አለች፤ ቡቃያው የሚወጣው በእርስዋ በኩል ነው።

ዘሩ ሳይቆይ መዘራት አለበት። በእስራኤል በረሃ በሚገኘው ማሳዳ በተባለው ጥንታዊ ምሽግ ፍርስራሽ የተገኘ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የቴምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 መብቀሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ በበረሃ ድርቀት ውስጥ የተጠበቀ ልዩ አጋጣሚ ስለሆነ ዘሩን ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ለማቆየት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ከመዘራቱ በፊት ለሁለት ቀን ያህል ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ ቢነከር የመብቀሉ ፍጥነት ይሻሻላል። ተንሳፍፎ የሚቀረውን ዘር ማስወገድ ይቻላል፤ አብዛኛው ባዶ ነው።

የሚዘራበት አፈር ግማሹ ሻካራ አሸዋ፣ ግማሹ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቢሆን ይበቃል። ዘሩ በጎኑ ተጋድሞ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አፈር ይለብሳል፤ አፈሩም እርጥብ እንጂ ጭቃ ሳይሆን፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቦታ ይቀመጣል። ቡቃያው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል፣ ይሁንና በአንድ ቀን የተዘሩት እንኳ እኩል አይበቅሉም፤ አንዱ ቅጠል ሲያወጣ ሌላው ገና ተኝቶ ሊገኝ ይችላልና ያልበቀለውን ቶሎ ተስፋ ቆርጦ መጣል አይገባም።

የዘምባባ አበቃቀል ለማያውቀው ግራ ያጋባል። ከዘሩ መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠል ሳይሆን ነጭ ክር የመሰለ አካል ነው። ይህ ክር ወደ ታች ብዙ ሳንቲ ሜትር ከወረደ በኋላ ጫፉ ያብጥና ከዚያ ሥሩ ወደ ጥልቁ፣ የመጀመሪያው ቅጠል ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ቅጠሉ ከአፈር ብቅ የሚለው ከዘሩ ራቅ ብሎ ነው፤ ዘሩ ግን በዚያው ነጭ ክር አማካይነት ለረጅም ጊዜ ችግኙን ይመግበዋል። ችግኝ ሲዛወር ዘሩን ቆርጦ መጣል ስንቁን መቀማት ነው። ክሩና ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርዱም ጥልቀት የሌለው ሳህን መሳይ ዕቃ አይስማማውም፤ ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የችግኝ ከረጢት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች እንደ ሣር ቀጥ ያሉና ያልተከፋፈሉ ናቸው። በዚህ ደረጃ የቴምርን፣ የካናሪንና የአገር በቀሉን ችግኝ አሰላልፎ መለየት ለባለሙያም አዳጋች ስለሆነ፣ ከረጢቱ ላይ ዘሩ የተለቀመበትን ቦታና ቀን ጽፎ መለጠፍ ከማንኛውም ምርመራ የበለጠ ዋስትና ነው። ችግኙ እስኪጠነክር በከፊል ጥላ ሥር ይቆያል፤ ባለ ላባ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ፀሐዩን ቀስ በቀስ ይለምዳል። በእነዚህ ዓመታት ቁመት አይጨምርም፣ ይህም ብዙ ሰው ያማርራል፤ እውነታው ግን ግንዱ ወደ ላይ ከመነሣቱ በፊት ግርጌውን ወደ ሙሉ ውፍረቱ እያደረሰ መሆኑ ነው፤ ኋላ ሊያወፍር ስለማይችል ይህን ደረጃ መዝለል አይሆንለትም።

የጎን ቡቃያ ነቅሎ መትከልም ይቻላል፤ ጥቅሙ ቡቃያው የእናቱን ጾታ ይዞ መምጣቱ ነው። ቢሆንም የራሱ ሥር ያላበጀ ቡቃያ ተነቅሎ አይጸድቅም። የሞከረው ሰው ቡቃያውን ከእናቱ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል በስለታም መቁረጫ ለይቶ፣ ሥሩን ከነአፈሩ አውጥቶ፣ ቅጠሉን በግማሽ ቀንሶ በጥላ ሥር በከረጢት ያቆየዋል። ሁሉም እንደሚጸድቅ መጠበቅ የለበትም።

በቋሚ ቦታ መትከል

ከሦስት እስከ አምስት ባለ ላባ ቅጠል ያወጣ ችግኝ ለቋሚ ቦታ ደርሷል። የሚተከልበት ወቅት አፈሩ ሞቅ ያለና እርጥብ የሆነበት መሆን አለበት፤ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ይህ የክረምቱ ዝናብ የሚገባበት ጊዜ ነው። የጉድጓዱ ስፋት ከሥሩ እብጥ (ሥሩ ከያዘው የአፈር ጓል) ሁለት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ከእብጡ ቁመት የማይበልጥ ሆኖ ይቆፈራል።

ጥልቀቱ ላይ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የዘምባባ ሥሮች ሁሉ የሚፈልቁት ከግንዱ ግርጌ ከሚገኝ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ አዲስ ሥር በየጊዜው የሚወለደውም ከዚያው ነው። ይህ ክፍል በአፈር ላይኛው ገጽ ልክ መሆን አለበት። እንዳይወድቅ ተብሎ ጠለቅ ተደርጎ የተተከለ ዘምባባ ያ ክፍል አየር ያጣል፤ ከዚያም አዳዲሶቹ ቅጠሎች እየገረጡ፣ እያጠሩ ይመጣሉ። ባለቤቱ ምግብ ያነሰው መስሎት ማዳበሪያ ሲጨምርለት ተክሉ ይበልጥ ይደክማል። ሞቱ ከተከላው ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ስለሚመጣ ጥፋቱን ከአተካከሉ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው።

ጉድጓዱ የሚሞላው ከዚያው በወጣው አፈር ነው። ያልበሰለ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ሥሩን ያቃጥላል። አፈሩ በውሃ እየተረገጠ ከተሞላ በኋላ በዙሪያው ውሃ የሚይዝ ክብ ማቆሪያ ይበጃል፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝም ይነጠፍበታል፤ ጉዝጓዙ ከግንዱ ጋር እንዳይነካካ ግን አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ።

ትልቅ ዘምባባ ከቦታ ቦታ የሚያዛውር ሰው የታችኞቹን ቅጠሎች ግማሽ ያህል ቀንሶ፣ የቀሩትን ወደ ላይ ሰብስቦ በገመድ ያስራቸዋል፤ እምብርቱም በጉዞ እንዳይናጥ ይጠብቃል። ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ እንጨቱ በግንዱ ላይ በምስማር አይመታም። ግንዱ በጆንያ ይጠቀለላል፣ በላዩ አጫጭር ጣውላዎች በቀበቶ ይታሰራሉ፣ ድጋፎቹም የሚመቱት በእነዚያ ጣውላዎች ላይ ይሆናል።

ውሃና ምግብ

አዲስ የተተከለ ዘምባባ ለመጀመሪያዎቹ አራት እስከ ስድስት ወራት አፈሩ መድረቅ የለበትም። ዝናብ በሌለበት ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ላዩን ብቻ ከማርጠብ ይሻላል፤ ዱላ ወይም ቀጭን ብረት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ አፈሩ ሰክቶ ማየት አፈሩ መጠማት አለመጠማቱን ይናገራል። ሥር ከያዘ በኋላ ድርቅን ይችላል፣ ነገር ግን በተፈጥሮው የወንዝ ዳር ተክል በመሆኑ በበጋ ውሃ ያገኘውና ያላገኘው በአንድ ዓመት ውስጥ በዓይን ይለያሉ።

በማዳበሪያ ረገድ የተለመደው ስሕተት ዩሪያ ብቻ መስጠት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን ይዟል፣ ፖታሲየም ግን የለውም፤ ዳፕም ቢሆን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ እንጂ ፖታሲየም አይሰጥም። ዘምባባ ደግሞ በዋናነት የሚራበው ፖታሲየምና ማግኒዚየም ነው። ናይትሮጂን ብቻውን ሲበዛ ተክሉ ቶሎ ቶሎ ቅጠል እያወጣ ያለውን ጥቂት ፖታሲየም ይጨርሰዋልና ረኀቡ ይብሳል። ከተገኘ ለዘምባባ የሚስማማው ማዳበሪያ ፖታሲየሙ ከናይትሮጂኑ የሚበልጥ ወይም የሚስተካከል፣ ፎስፈረሱ አነስተኛ፣ ማግኒዚየም የታከለበትና ቀስ ብሎ የሚሟሟ ነው። በግንዱ ሥር ሳይከመር ከቅጠሎቹ ጥላ በታች በሰፊው ተበትኖ ውሃ ይጠጣበታል።

የጎደለውን ለማወቅ ምልክቱ በየትኛው ቅጠል ላይ እንደታየ ማየት ይበቃል። ፖታሲየም ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየነጠቀ ለአዲሱ ስለሚሰጥ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች በብርሃን ሲታዩ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይታይባቸዋል፣ ጫፋቸውም ይደርቃል። ማግኒዚየም ሲያንስም ምልክቱ በታችኛው ቅጠል ነው፤ ዳርና ዳሩ ሰፊ ቢጫ ሆኖ መሐሉ አረንጓዴ ይቀራል። በተቃራኒው ችግሩ አዲስ በወጣው ቅጠል ላይ ከታየ ሌላ ነገር ነው፦ ቅጠሉ ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ የብረት እጥረት ሲሆን፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ የአፈሩ ብረት ማነስ ሳይሆን ጥልቅ አተካከል ወይም የቆመ ውሃ ነው፤ አዲሱ ቅጠል ተኮማትሮና ተቃጥሎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ኖራ በበዛበት አፈር የሚያጋጥም የማንጋኒዝ እጥረት ይጠረጠራል፤ ይህ ካልታከመ እምብርቱን ሊገድል ይችላል። ነጠብጣብ የያዘ አሮጌ ቅጠል ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም፤ ሕክምናው የሚታወቀው በሚቀጥሉት ቅጠሎች ነው።

መግረዝና ቅጠል መውሰድ

ዘምባባ ብዙ መግረዝ አያስፈልገውም። የሚነሣው ፈጽሞ የደረቀ ቅጠል፣ የተሰበረ ቅጠልና ያለቀለት የፍሬ ዘለላ ነው። አረንጓዴ የሆኑትን ቅጠሎች ጠርጎ አናቱን እንደ መጥረጊያ ማስቀረት በየመንገዱ የሚታይ ክፉ ልማድ ነው፤ ግንዱ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ቅጠል ያንሳል፣ አናቱም ይቀጥናል፣ እምብርቱም ለፀሐይና ለነፋስ ይጋለጣል። ከአግድም መስመር በላይ የቆመ ቅጠል በምንም ምክንያት ባይነካ ይመረጣል። ፖታሲየም ያነሰው ቢጫ ቅጠል እንኳ ለዓይን ቢያስቀይምም ለተክሉ ጎተራው ስለሆነ እስኪደርቅ ይተው።

ቅጠሉ የሚቆረጠው ከግንዱ ጥቂት ጣት ያህል ተርፎ ነው፤ ወደ ግንዱ ቆዳ የደረሰ ቁስል አይድንም። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። መጀመሪያ እሾሁን መልምሎ ከዚያ ቅጠሉን መቁረጥ አደጋውን ይቀንሳል። ከአንዱ ዕጅብ ወደ ሌላው ሲታለፍ መቁረጫው ከተጣበቀበት ቆሻሻ ጸድቶ፣ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በተበጠበጠበት ለአምስት ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ በተለይ የካናሪ ዘምባባን የሚገድለው የፉዛሪየም ፈንገስ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገረው በመጋዝና በመቁረጫ ነው።

ለሰሌን፣ ለመጥረጊያ ወይም ለሆሳዕና ለጋ ቅጠል የሚወስድ ሰው የሚነካው በትክክል የእምብርቱን ጎረቤት ነው። ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ከእምብርቱ በቀጥታ የወጣ በመሆኑ፣ መቁረጫው ጠልቆ ከገባ ግንዱ ያልቃል። ስለዚህ ለጋው የሚቆረጠው ከአናቱ በላይ በግልጽ ከወጣበት ነው፤ ከአንድ ግንድ በአንድ ጊዜ ከአንድ አይበልጥም፣ የሚቀጥለው ቅጠል በሙሉ ሳይዘረጋም ያ ግንድ እንደገና አይነካም። ብዙ ግንድ ያለው ዕጅብ በዚህ ረገድ የተመቸ ነው፤ ግማሾቹን ግንዶች ለዘንድሮ፣ ግማሾቹን ለከርሞ ማድረግ ይቻላል።

የጎን ቡቃያን መቀነስ ከፈለጉ ገና ከጉልበት በታች ሳለ ከአፈር ልክ ይቆረጣል። ምን ያህል ግንድ ይቅር የሚለው የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ እኔ ግን ቁመታቸው የተለያየ ከአምስት እስከ ሰባት ግንድ መተውን እመርጣለሁ፤ ረጅሙ ሲያረጅ ቦታውን የሚይዝ ተተኪ ዝግጁ ይሆናልና።

ተባይና በሽታ

አብዛኛው የቅጠል ችግር ቀላል ነው። በአሮጌ ቅጠል ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ጥቁር ኪንታሮት መሳይ እብጠቶች ግራፊዮላ የተባለ ፈንገስ ሲሆኑ፣ በጣት ሲዳሰሱ ሻካራ በመሆናቸው ከፖታሲየም እጥረት ነጠብጣብ ይለያሉ፤ ተክሉን አይገድሉም። በንኡስ ቅጠሎቹ ላይ እንደ ቅርፊት የሚለጠፉ ነጫጭ ነፍሳት በጊዜ ከታዩ በሳሙና ውሃ ታሽተው ይወገዳሉ። አዲስ የተዘረጋ ቅጠል በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ካሳየ፣ ለጋው ሳይዘረጋ ባለ ቀንድ ጢንዚዛ በስቶት ነበር ማለት ነው፤ ጢንዚዛው የሚራባው በበሰበሰ ግንድና በፍግ ክምር ውስጥ ስለሆነ እነዚህን ከአካባቢው ማራቅ ከመርጨት ይበልጣል።

አስፈሪው የዘምባባ ነቀዝ ነው። በሞቃታማው አፍሪካ የሚገኘው ዝርያና ከእስያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች የተዛመተው ቀዩ ዝርያ ሁለቱም በተቆረጠና በቆሰለ ቦታ ሽታ ተስበው እንቁላል ይጥላሉ፤ እጮቹም ከውስጥ ሆነው የግንዱን ለስላሳ ክፍልና እምብርቱን ይበላሉ። ከውጭ የሚታየው ምልክት ዘግይቶ ይመጣል፦ የመሐሉ ቅጠል ያዘነብላል፣ ሲጎተት ያለ ችግር ይነቀላል፣ ከግንዱ ቀዳዳ የታኘከ ቃጫና የመፍላት ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወጣል። በዚህ ደረጃ የደረሰ ግንድ አይድንም፤ ሳይዘገይ ከአፈር ልክ ተቆርጦ መወገድ አለበት። ተቆራርጦ በግቢ ጥግ ከተከመረ እጮቹ በውስጡ አድገው ስለሚወጡ፣ ተሰንጥቆ መቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር ይኖርበታል። የቀሩት ግንዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እምብርት ስላላቸው ዕጅቡ በሕይወት ሊቀጥል ይችላል፤ ጉቶው ዙሪያ የሚወጣው ቡቃያ አንድ ሁለቱ ሳይቆረጥ ይተዋል፣ በየአናቱ ያለው ለጋ ቅጠልም ለጥቂት ወራት በየሳምንቱ ሳብ እየተደረገ ጥንካሬው ይፈተሻል።